አትራቂብን

የእህቴ አሮጌ ሹራብ ትናንት ከእማዬ ሣጥን ወጣ። አረንጓዴ ነው፣ ክርኑ ተበልቷል። ሳላስበው አጣጥፌ ሆዴ ላይ ያዝኩትና ጋቢዬን ደረብኩበት። እማዬ አይታኝ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ፊቷን አዞረች። ሁለታችንም ያስታወስነው አንድ ነገር ነው።

ያኔ ሱሉልታ ነበርን። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ሌሊቱን ይዘንብና ማለዳ ላይ ጭጋጉን ጥሎልን ይሄዳል። እህቴ ሯጭ ነበረች፣ ያውም ምን የመሰለች ሯጭ! አባዬ ግን "ሴት ልጅ ብቻዋን በጨለማ አትወጣም፤ ጅቡም ገና አልገባ" ብሎ ድርቅ አለ። አትሩጪ እንዳይላት ደግሞ አንጀቱ አይችልም። እና ምን ፈረደ መሰላችሁ? ሁላችንም አብረን እንድንወጣ!

እሷ ትሮጣለች፣ እኛ በእግራችን እንከተላለን። አባዬ በቦቲ ጫማውና በዱላው ከፊት፣ እማዬ ጃንጥላዋን ይዛ፣ እኔ ደግሞ እየተነጫነጭኩ ከኋላ። ከእንቅልፌ ሲቀሰቅሱኝ ሞቴ ነበር። የእኔ ሥራ የእህቴን ሹራብ ሆዴ ላይ ይዞ ማሞቅ ነው፤ ስትጨርስ በላቧ ላይ ብርድ እንዳይመታት።

መንገዱ እርጥብ ባሕር ዛፍ ይሸታል። ከየግቢው የላሞች በረት ሽታ ይመጣል፣ የወተት ጀሪካን ሲጋጭ ይሰማል። አባዬ ወፍጮ ቤት ነበር የሚሠራው፤ ጋቢውን ካፊያ ሲነካው ዱቄት ዱቄት ይላል። እህቴ ጭጋጉ ውስጥ ልትጠፋ ስትል "አትራቂብን!" ብሎ ይጣራል። እሷም መታጠፊያው ላይ ካሉት ባሕር ዛፎች ስትደርስ ትዞራለች፤ እኛ ጋ ተመልሳ ሁላችንንም በዓይኗ ትቆጥርና እንደገና ትሄዳለች። በየማለዳው እንዲሁ ነው።

አንድ ቀን ወተት የሚያስረክቡት ጎረቤታችን፣ ኦቦ እያልን የምንጠራቸው፣ ጀሪካናቸውን መሬት አስቀምጠው "አካም ቡልተን! እንዴት አደራችሁ! ለመሆኑ ምን ሰርቃባችሁ ነው ይቺን ልጅ በየማለዳው የምታባርሯት?" አሉን።

አባዬ እስኪያስለው ሳቀ። "ጉልበቴን ነዋ የሰረቀችኝ፣ ኦቦ!"

ደስ የሚል ጊዜ ነበር። አሁን ሳስበው ነው የሚያመኝ።

ጳጉሜ ላይ አንድ ክለብ ሯጮች ሊመርጥ መጣ። ከሜዳው ተነስተው፣ የኛን ባሕር ዛፎች አልፈው፣ ብዙ ርቀው የሚመለሱበት ሩጫ ነው። እማዬ ለሩፋኤል ተሳለች። ሦስታችንም ሜዳው ላይ ሰው መሀል ቆምን። ያን ቀን ጭጋግ የለም፤ መንገዱ እስከ መታጠፊያው ድረስ ይታያል። ሲለቀቁ እህቴ ቀደመች፤ ማንም አልተጠጋትም። ኦቦ በኦሮምኛ "ጋሪ! ጋሪ!"፣ ጎበዝ ጎበዝ እያሉ ያጨበጭባሉ።

ባሕር ዛፎቹ ጋ ደረሰች። እዚያ ነው እንግዲህ ሁልጊዜ የምትዞረው። ፍጥነቷን ቀነሰች፣ ቆም አለች፣ ዞር ብላ ወደ እኛ አየች። ሜዳው በሰው ተሞልቷል፤ ከየት ታግኘን? አባዬ ዱላውን ወደ ላይ አንስቶ "ሂጂ! ኧረ ሂጂ!" ብሎ ጮኸ። ያን ቃል ሲላት የመጀመሪያው ነበር፤ አልሰማችውም። አንዷ አለፈቻት፣ ሌላዋም ተከተለች፣ ከዚያ ግር ብለው አለፏት።

ስትጨርስ ቀጥታ እኛ ጋ መጣች። "አጣኋችሁ እኮ" አለች። ሹራቡን ከሆዴ አውጥቼ አለበስኳት። አሰልጣኙ አባዬን "እግሩን ፈጣሪ ሰጥቷታል፤ ያስቸገረን አንገቷ ነው። ለከርሞ ያምጧት" አለው።

ከርሞ የት ተገኝቶ! ወፍጮ ቤቱ ተዘጋ፤ አባዬ ሰበታ አንድ ፋብሪካ ሥራ አገኘና ጓዛችንን ጠቅልለን ሄድን። እህቴም እዚያው ፋብሪካ ተቀጠረች። የምትሮጥበትን ማለዳ ሰርቪስ መጠበቂያ አደረገችው።

አባዬ ይሄን ነገር በሆዱ ይዞት ሞተ። ታሞ ተኝቶ እግሩን ሳሽለት "እኔ ነኝ ያስለመድኳት" ይለኝ ነበር።

"ምን አስለመድካት?"

"ዞሮ ማየት። ከጅብ አስጥላታለሁ ብዬ..."

እህቴ ስትሰማው ትቆጣለች። "አባዬ ተው! አንድ ቀን እንኳ አላዘንኩብህም" ትለዋለች። እውነቷን ነው፣ አላዘነችበትም። እሱ ግን ራሱን ይቅር ሳይል ሄደ፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ዛሬ ማለዳ ሦስታችን የጳጉሜን ውኃ ልንጠመቅ እዚሁ ሰበታ ወደ ወንዙ ወጣን። እህቴ ቡራዩ ነው ትዳር የያዘችው፤ ለበዓሉ ብላ መጥታለች። ወፍራለች፣ እርምጃዋ ግን ያው ነው። ቀድማን ሄደች። እኔ ሹራቡን እንደ ድሮው ሆዴ ላይ ይዤ ከእማዬ ጋር ቀስ እያልኩ ነው። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ዞረች፣ ተመልሳ መጣች፣ በዓይኗ ቆጠረችን፤ እማዬን፣ እኔን። ከዚያ ከኋላችን ያለውን ባዶ መንገድ ማየት ጀመረች፤ ዓይኗን ቶሎ አልመለሰችም።

"ማንም አልቀረም፣ ልጄ" አለቻት እማዬ። "ሂጂ።"

አልሄደችም። የእማዬን ክንድ ይዛ አብራን በቀስታ መራመድ ጀመረች። ሹራቡን ከሆዴ አውጥቼ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግሁላት። ሞቆ ነበር።