ሞተሩ ሲነሳ መልስ እሰጣለሁ

ባሌ ያንን የስልሳዎቹን አሜሪካዊ መኪና ሲገዛ ምንም አላልኩም። ወንድ ልጅ በስተርጅና ውሽማ ከሚይዝ ባለ ስምንት ሲሊንደር ይያዝ ብዬ ተውኩት። ሞተሩን አውርዶ ሳሎኔ ሲያስገባው ግን እንዴት ዝም ልበል?

"ውጭ ካደረ ይሰረቃል" አለኝ።

"ማን ነው ይህን ሁሉ ብረት ተሸክሞ የሚሮጠው?"

"አንቺ የዚህን አገር ሌባ አታውቂውም" አለና፣ ሞተሩን ባለ ጎማ ማቆሚያው ላይ እንዳለ እየገፋ አስገብቶ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አቆመው። ቤታችን እዚህ አሜሪካ፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ገባ ብሎ ምድር ቤት መሆኑን ያን ቀን ረገምኩት። ሶፋዬ መኝታ ቤት ገባ፤ እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ በጎን እየሄድኩ አልጋዬ ጋ መድረስ ለመድኩ።

ያለችን አንድ ልጅ ናት። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ሎንግ ቢች ነርስ ሆና የምትሰራ። እሁድ እሁድ ትመጣለች፤ ለእኔ እንዳይመስላችሁ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አባትና ልጅ ሞተሩ ላይ ተደፍተው አገኛቸዋለሁ። እሱ አዲስ አበባ ጋራዥ በለመደው ቋንቋ "ካቻቢቴውን አቀብዪኝ፣ ቴስታታውን ደግፊልኝ" ይላል። እሷ ስልኳን ከፍታ ቪዲዮ እያየች በእንግሊዝኛ ትከራከረዋለች። እንዴት እንደሚግባቡ ፈጣሪ ይወቀው፤ ብቻ ይግባባሉ።

እንደነበረ ቢያድሱት ኖሮ ድሮ ባለቀ። እሷ ናት "አባቢ፣ ሶ ከፈታነው አይቀር አፕግሬድ እናድርገዋ" ያለችው። ሲሊንደሮቹ ተቦርቡረው ሰፉ፤ ተለቅ ያለ ፒስተን ገባላቸው፤ ካምሻፍቱ ተቀየረ፤ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ከባድ የብረት ቴስታታ በአሉሚኒየም ተተካ። ዘይት ለመግዛት ብቻ ለሚወጣ መኪና ይህ ሁሉ ጉልበት ምን ይሰራለታል ብዬ ብጠይቅ፣ ሁለቱም እኩል ቀና ብለው አዩኝና እኩል ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በዚህ መሀል ልጄ አንድ ልጅ ወደደች። ጨዋ፣ የጨዋ ልጅ ነው፤ እኔ ገና ሳየው ነው የወደድኩት። ሚኒሶታ ሥራ አግኝቶ ሰመሩ፣ የዚህ አገር በጋ፣ ሲያልቅ ይሄዳል፤ እሷም አብራው መሄድ ፈልጋለች። "ሰርጉ ቢቀር ግድ የለኝም እማዬ" አለችኝ፤ "አባቢ ግን በአፉ እሺ ካላለ አልሄድም።" የአባቷ ልጅ ናት፤ ካለች አለች ነው።

የልጁ ወላጆች በወጉ ሦስት ሽማግሌ ላኩ። ቅዳሜ ጠዋት ሱፋቸውን ግጥም አድርገው መጡ። በአካባቢው ቦታ አጥተው ሌላ ሰፈር፣ ፒኮ ሮበርትሰን ድረስ ሄደው ፓርክ አድርገው በእግራቸው ስለተመለሱ ላብ አጥምቋቸዋል። እኔ ደግሞ ሞተሩን መደበቂያ ባጣ ነጭ ጋቢዬን አከናንቤዋለሁ። ከሦስቱ ታላቁ ዓይናቸው ደከም ያለ ነው። ገብተው ቤቱን ሲቃኙ ጥግ ላይ ጋቢ የተከናነበ አዩ። ሰላምታ በታላቅ ይጀመራልና፣ ሁላችንንም አልፈው ሄዱና ከወገባቸው ጎንበስ አሉ።

"እንደምን አደሩ፣ እናቴ?"

መልስ ቢያጡ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት። መኝታ ቤት የተደበቀችው ልጄ ሳቋን ትራስ ውስጥ ስትቀብር ይሰማኛል። ባሌ ሄዶ ጋቢውን ገለጥ አደረገና "ሞተር ነው" አላቸው። ሽማግሌው እንደጎነበሱ ትንሽ አሰቡ።

"ይሁን፣ ሰላምታ አይከፋም" ብለው ቀና አሉ።

ከዚያ ቆመው ለመኑ። የሴት ልጅ አባት ደግሞ ወዲያው እሺ አይልም፤ ዘመድ ላማክር ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። ባሌ ወግ አጥባቂ መሆኑን ያን ዕለት ነው ያወቅኩት። "ዘመድ ማማከር አለብኝ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ" አለ። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ዘመድ እንኳን ስልክ ሲያነሳ አላየሁም።

ተመልሰው ሲመጡ ደግሞ፣ "ሞተሩ ሲነሳ መልስ እሰጣለሁ" አላቸው።

ሽማግሌዎቹ ቅኔ መሰላቸው። ወጥተው ከመስኮቴ ስር ቆመው ሊፈቱት ሞከሩ። ረጅሙ፣ "ሞተር ያለው ልቡን ነው፤ ልቤ ይነሳሳ ማለቱ ነው" ይላሉ። ሁለተኛው፣ "የለም፣ ልጁ ራሱን ይቻል ማለቱ ነው" ይላሉ።

"ኧረ እኔ አይቼዋለሁ" አሉ ዓይነ ደካማው፤ "ሞተር ነው።"

ሞተሩ እኮ ሊያልቅ ትንሽ ነበር የቀረው። የሽማግሌ ነገር ከመጣ ወዲህ ግን የባሌ እጅ ከበደ። አንድ እሁድ ሙሉ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ሲወለውል ዋለ። ገና ከካርቶኑ የወጣ አዲስ ካንዴላ ነው። ልጄ ወደ ሎንግ ቢች ስትመለስ ጠብቄ ፊቱ ተገተርኩ።

"ልጁን ጠልተኸው ነው?"

"ልጁ ምን ይወጣለታል።"

"ታዲያ ምን ሁን ነው የምትለው?"

የያዘውን ጨርቅ ደጋግሞ አጠፈው። "እሁድ እሁድ ከማን ጋር ልሰራ ነው?" አለኝ።

ይሄ ሰውዬ እዚህ አገር ከመጣ ጀምሮ ፓርኪንግ ተቀጥሮ የሰው መኪና ሲያቆምና ሲያወጣ የኖረ ነው። የሚያውቀውን ሙያ ቁጭ ብሎ የጠየቀው ሰው ቢኖር ልጁ ናት። አንጀቴን በላው። ግን የልጄስ አንጀት አይደለም ወይ? ሰመሩ እያለቀ ነው። የልጁ እናት ደውላ "ንቃችሁን ከሆነ በግልጽ ንገሩን" ብላኛለች። ልጄም ከሞተሩ ጋር ከዋለች በኋላ እጇን በሳህን ሳሙና እየታጠበች፣ እኔ ያላየኋት መስሏት ታለቅሳለች።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ሽማግሌዎቹ ሱፍ አልለበሱም። ያረጀ ሱሪ፣ ያረጀ ሸሚዝ፣ እጃቸው ላይ ጓንት። ከኋላቸው ሞተር ማንሻ ክሬን ተከራይተው እየገፉ ነው።

"መልሱ የተንጠለጠለው ሞተሩ ላይ ነው አሉን" አሉ ረጅሙ፤ "እንግዲያ ሞተሩን እናስነሳዋ።"

የባሌ ፊት ጠቆረ። ሽማግሌ ደግሞ አይባረር። ሞተሩን ከሳሎኔ አውጥተው ጓሮ መኪናው ጋ ወሰዱት። ሶፋዬ የነበረበት ቦታ ባዶ ሲሆን ደስ ሊለኝ ሲገባ ሆዴ ባባ። "ወደ ግራ፣ ቀስ፣ በስመአብ፣ እጅዎን እጅዎን" እየተባባሉ አንጠልጥለው መኪናው ውስጥ አወረዱት። ወጉ የምትጠየቅ ልጅ ተደብቃ ትቆይ ይላል። የእኔም ተደብቃ ነበር፤ መኪናው ስር፣ ብሎን እያጠበቀች።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ባሌ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አጓርቶ፣ አንዴ ተኩሶ ዝም አለ። ደግሞ ሞከረ፤ ያው ነው። ፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈካ።

"ምን ይደረጋል፤ ሌላ ቀን ነዋ" አለ።

ልጄ ከመኪናው ስር ወጣች። ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብላ የካንዴላዎቹን ገመድ አንድ በአንድ ተከተለች። ሁለቱ ቦታ ተለዋውጠው ነበር የተሰኩት። እነሱን የሰካ አባቷ ነው፤ ባሌ ደግሞ እንቅልፉን እየተኛ ቢሰካ አይሳሳትም። ቀና ብላ አየችው። እሱ የመኪናውን ጣሪያ ያያል። ሁለቱን ነቅላ አቀያየረችና "አሁን አስነሳው አባቢ" አለችው።

ተነሳ። ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታ ገና አልተገጠመም፤ አንድ ጎዳና ሙሉ ሰማው። የጎረቤት መኪኖች በሙሉ አላርማቸው ጮኸ፤ ሽማግሌዎቹ ጆሯቸውን ይዘው ግድግዳ ተጠጉ። ልጄ ሞተሩ ፊት ቆማ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ሁለቱንም ባንድ ላይ። ባሌ በመስታወቱ እሷን እያየ ነዳጁን ረግጦ ይዟል፤ አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ትንሽ ነገር አይደለም፤ ረዘም ያለ ንግግር ነበር፤ እንባው ጺሙ ላይ ይወርዳል። ከዚያ ቁልፉን አጠፋ።

ረጅሙ ሽማግሌ ከግድግዳው ተላቀቁ። "እነሆ ሞተሩ ተነሳ። መልሱስ?"

"አሁን ተናገርኩ እኮ" አለ ባሌ ዓይኑን እያበሰ፤ "ሁለቴ አልናገርም።"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ማንም አልሰማም። ያልተሰማ ቃል ይዘው ወደ ላካቸው ሰው እንዴት ይመለሱ? ረጅሙ ቢቸግራቸው ወደ እኔ ዞሩ።

"እርስዎስ ሰምተዋል፣ እህታችን?"

ሞተሩ ሲያጓራ የገዛ ሐሳቤ እንኳን አልተሰማኝም ነበር።

"ሰምቻለሁ" አልኩ፤ "ፈቅዷል።" ነገር ሳይቀየር ብዬም እልል አልኩ።

ባሌ በመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ ትክ ብሎ አየኝ።

"በደንብ ሰምተሻል?" አለኝ።

"በደንብ።"

ወደ ልጃችን ዞረ፤ ብዙ አያት። "እንግዲያ ብያለሁ ማለት ነው" አለ።