ለፀሐይ ያልሣልሁላት መንገድ

ነዳጇን ጨርሳ አሁንም የምታበራ ኮከብ ሕያው ናት ወይስ ሙት? መጻሕፍቱ ሙቀቷንና ክብደቷን ይነግሩኛል እንጂ ይህን አይነግሩኝም። ጥያቄውን ያመጣሁት ከጁባ ነው።

ረቡዕ፣ ንጋት 11 ሰዓት፣ አዲስ አበባ

ሻንጣዬ ቀላል ነው፦ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ደብተር፣ አንድ ፓኮ ጠመኔ። የሚከብደኝ አንድ ሥዕል ነው።

ድሮ ጋምቤላ፣ ስደተኞች መጠለያ ውስጥ ሳስተምር ለክፍሉ በሙሉ የነበረን አንድ መጽሐፍ ነው። እኔ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፤ የእነሱን ደብተር ደግሞ ታናናሾቻቸው ይገለብጡታል። የከዋክብቱ ምዕራፍ ላይ አንድ ቅጠል ተቀዶ ነበር። ፊደል የቆጠርሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነውና ተማሪ ፊት «አላውቅም» ማለት ሞት መስሎ ታየኝ። የጎደለውን ከራሴ ሞላሁት፦ የጋዝ ደመና፣ ፀሐይ፣ ቀይ ግዙፍ ኮከብ፣ ፍንዳታ። አንድ መንገድ ብቻ።

ከዓመታት በኋላ ያልተቀደደውን መጽሐፍ አገኘሁ። የሚፈነዱት ከፀሐይ ብዙ እጥፍ የሚከብዱት ናቸው። የእኛዋ አትፈነዳም። አብጣ ትቀላለች፣ ከላይ የለበሰችውን ጋዝ ቀስ እያለች ትጥላለች፣ በመጨረሻ መሬትን የምታህል ነጭ ድንክ ኮከብ ሆና ትቀራለች። ከዚያች ኮከብ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢዘገን የጭነት መኪና ያህል ይከብዳል። እንዲህ ያለ ረጋ ያለ ፍጻሜ መኖሩን ሳነብ ተደነቅሁ፣ ወዲያው ደግሞ አፈርሁ።

ጎበዟ ተማሪዬ ኛቦል ወደ አገሯ ተመልሳ ጁባ ውስጥ መምህርት ሆናለች። አንድ ቀን የሰሌዳዋን ፎቶ ላከችልኝ። የእኔው ሥዕል ነው፣ ጠማማው ቀስት ሳይቀር። እርማቱን በስልክ ስንት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁት።

ረቡዕ፣ ቀትር፣ ጁባ፣ ቶንፒንግ ሰፈር

ነጭ ዓባይ ከአውሮፕላኑ መስኮት ሲታይ ቡናማ ነው። ስናርፍ ሰዓቴን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለስሁ። ሙቀቱ ደረጃው ላይ ተቀበለኝ።

ያረፍሁበት ቤት ባለቤት ወይዘሮ ዓለም የጎንደር ሰው ናት። የተጠበሰ ዓሣ ከነጭንቅላቱ አቀረበችልኝና ከፊቴ ተቀመጠች።

«ለሥራ ነው የመጣሽው?»

«ስሕተት ላርም።»

«የየትኛው ቢሮ?»

«የፀሐይ።»

ቆይታ ሳቀች። «የጁባን ፀሐይ ካረምሽልን፣ እህቴ፣ ክፍሉን በነጻ ውሰጂው።»

ሐሙስ፣ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ወደ ማንጋቴን የተፈናቃዮች መጠለያ

የቦዳ ሞተሩ ነጂ ጋምቤላ ያደገ ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል።

«አምስት ሺህ ፓውንድ፣ ማማ።»

«ሦስት።»

«አምስት። መንገዱን ስታዪ ራስሽ ትጨምሪልኛለሽ።»

መንገዱን አየሁና ጨመርሁለት።

ትምህርት ቤቱ ቆርቆሮና ሸራ ነው። ስድሳ አራት ልጆች አግዳሚና ጀሪካን ላይ ተቀምጠዋል፤ ደብተራቸውን በላስቲክ ለብደውታል። ኛቦል ነጭ ሸሚዟን ተኩሳ ለብሳለች። «ቲቸር» ብላ አቀፈችኝ። ወደ ክፍሉ ልታስገባኝ ስትል ክንዷን ያዝሁ።

«ኛቦል፣ ያ ሥዕል ስሕተት ነው። ፀሐይ አትፈነዳም። መጽሐፉ ቅጠል ጎድሎት ነበር፣ ከራሴ ጨመርሁበት።»

«መቼ አወቁ?»

«ሦስት ዓመት ሆነኝ።»

«ስልክ የለዎትም?»

«አለኝ።»

ወደ ልጆቹ ዞር ብላ አየች። «እነዚህ ከተኩስ ሸሽተው የመጡ ናቸው፣ ቲቸር። እኔ ደግሞ ፀሐይም አንድ ቀን ትፈነዳለች እያልኩ አስተማርኳቸው።»

ከኪሷ ጠመኔ አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠች። «ያላ፣ እንግባ። እርስዎ ይንገሯቸው፤ እኔ እተረጉማለሁ።»

ሥዕሉን እንደገና ሣልሁት። ከቀዩ ግዙፍ ኮከብ ሁለተኛ መንገድ አወጣሁና ጫፉ ላይ ትንሽ ክብ አደረግሁ። ልጆቹ ነዳጅ ሳይኖራት እንዴት ታበራለች ሲሉ ተደናቀፍሁ። ኛቦል ብድግ ብላ ወጣች፣ ከጎረቤት ልብስ ሰፊ የከሰል ካውያ ይዛ መጣች። ፍሙን ደጅ ደፋችው፤ ባዶውን ካውያ በተጨማደደ መሐረብ ላይ አሳለፈችው። መሐረቡ ለጥ አለ።

«ፍም የለውም፣ ግን ይተኩሳል። ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል» አለች።

ይህን ምሳሌ እኔ ሦስት ዓመት አንብቤ አላገኘሁትም።

ከፊት ጀሪካን ላይ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። ኛቦል ተረጎመችልኝ፦ «ፍም ከሌላት ኮከቧ አለች ወይስ ሞታለች?»

የተቀደደው ቅጠል ትዝ አለኝ።

«አላውቅም» አልሁ።

ኛቦል አየችኝ። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞራ መልሴን በጁባ ዓረብኛ «ማ አሩፉ» ብላ ተረጎመችላቸው። ክፍሉ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፣ እኔም ፈራ ተባ እያልሁ ሳቅሁ። ጠመኔውን ተቀብላኝ የልጅቷን ጥያቄ ከሁለተኛው መንገድ ጫፍ ላይ ጻፈችው። ስድሳ አራቱም አጎንብሰው ገለበጡት።