ዘርፉ ለኮምፒዩተሩ የሠራችው የውሃ ሳጥን

በ1979 ዓ.ም. ናዝሬት ውስጥ ራዲያተር የምትበይድ ሴት አንድ ብቻ ነበረች። ዘርፉ ትባላለች። ሱቋ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የከባድ መኪና ሹፌሮች ምሳ ከሚበሉበት ቤት አጠገብ ነበር። ሙያውን ያስተማራት ባሏ ኃይለየሱስ ነው። ዓይኑ እየደከመ ሄዶ ብርሃንና ጥላ ብቻ መለየት ሲጀምር መበየጃውን ለእሷ አስረከበ። ከዚያ ወዲህ እሷ ትሠራለች፣ እሱ በሩ ላይ በርጩማ ይዞ ያዳምጣል። የተበየደው ራዲያተር በርሜል ውሃ ውስጥ ተነክሮ በብስክሌት ፓምፕ ሲነፋ፣ ዘርፉ አረፋውን ገና ሳታየው «ከግራው ጥግ ይተነፍሳል» ይላታል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው።

ሹፌሮቹ መጀመሪያ ላይ ሴት መሆኗን እያዩ ይመለሱ ነበር። እሷ የበየደችው ራዲያተር ሚሌ ድረስ ጠብ ሳይል መድረሱ ሲወራ ግን ተራ ይዘው ይጠብቋት ጀመር። አንድ ጠባይ ነበራት፤ ሳትጠይቅ ምንም ነገር አትነካም። ውሃውን ከየት ነው የሞላኸው? የሚግለው ዳገት ላይ ነው ወይስ ቆሞ ሲሠራ? አንዳንዱ «ምርመራ አደረግሽው እኮ!» ብሎ ይቆጣታል። እሷ ግን መልሱን ሳታገኝ እሳቱን አታቀጣጥልም።

የካቲት ላይ፣ ነፋሱ የከተማውን አቧራ በሚያነሳበት አንድ ረፋድ፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው ሰው በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ነገር አቅፎ መጣ። ፈይሳ ይባላል። የደራ ልጅ ነው፤ ውጭ አገር ተምሮ ተመልሶ በአንድ የመንግሥት እርሻዎች መሥሪያ ቤት በቴክኒሺያንነት ይሠራል። ይህንን ታሪክ የነገረኝም እሱ ነው።

«እትዬ፣ ይኼን የሚሠራልኝ ሰው አጣሁ» አለ።

ዘርፉ ከረጢቱን ገለጠች። የትልቅ ሻንጣ ያህል የሆነ የብረት ሳጥን ነው፤ ሥሩ በዝገት ተበልቶ ጣት ያስገባል።

«የምን መኪና ነው?»

«የመኪና አይደለም። የኮምፒዩተር ነው።»

ኃይለየሱስ ከበርጩማው ቀና አለ። «የምን አልክ?»

ፈይሳ አስረዳቸው። መሥሪያ ቤቱ ትልቅ የሒሳብ ማሽን አለው። ማሽኑ ሲሠራ ስለሚግል፣ ውሃ ከዚህ ሳጥን እየተሳበ በመዳብ ቧንቧ በማሽኑ ሆድ ውስጥ ይዞራል። ከዚያ ከግድግዳው ውጭ ባለ ማራገቢያ ቀዝቅዞ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል። ሳጥኑ ከተበሳ ወዲህ ማሽኑ ሁለት ወር ቆሟል። ምትኩ ከውጭ እስኪመጣ ደግሞ ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

«ታዲያ ያው ራዲያተር ነው» አለች ዘርፉ። «ጋራዦቹ ምን አሉህ?»

«ፈሩ። ነገ ቢያፈስና ማሽኑ ቢበላሽ ‹አሻጥር ነው› እንባላለን አሉኝ።»

ይህ በዚያ ዘመን ቀላል ቃል አልነበረም፤ ሰው ያሳስራል።  ዘርፉ ሳጥኑን ገልብጣ ውስጡን በጣቷ ዳሰሰች። እንደ ማንቆርቆሪያ ሥር ነጭ ነገር ጋግሯል፤ መሐል ለመሐል ደግሞ አንድ የዝገት መስመር አለ። ደለል መሰላት።

«እሠራዋለሁ። ግን መጀመሪያ ማሽኑን ማየት አለብኝ» አለች።

«ክፍሉ ውስጥ የውጭ ሰው አይገባም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ፈልግ። ልኩን የማላውቀውን ልብስ አልሰፋም።»

ፈቃዱ ሦስት ቀን ፈጀ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጓድ ወልደአማኑኤል ራሱ በሩ ላይ ተቀብሏት «ወይዘሮ፣ ምንም ነገር እንዳይነኩ» ብሎ አስጠነቀቃት። ጫማዋን አውልቃ ገባች። ሞተር ጠብቃ ነበር። ያገኘችው ግን ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙ ሦስት ግራጫ ቁም ሣጥኖችን ነው። ፈይሳ የአንዱን በር ሲከፍትላት፣ ከፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች እንደ ጥልፍ ክር ተደርድረው አየች።

«የሚዞር ነገር የታለ?»

«ዋናው ሥራ የሚሠራው ቦታ ላይ የሚዞር ነገር የለም።»

«የሚቃጠልስ?»

«እሱም የለም።»

«ታዲያ ምን አሞቀው? ሲያስብ ነው?»

ፈይሳ ሳቀ። «አያስብም። ኤሌክትሪኩ በሺህ ቦታ ይበራል ይጠፋል፣ ይበራል ይጠፋል። በእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይሞቃል። ተጠራቅሞ ነው ይኼን የሚያህለው።»

ዘርፉ ቁም ሣጥኑን ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ቧንቧዎቹን ተከተለች። ሁሉም መዳብ ናቸው፤ ብረቱ ሳጥኑ ብቻ ነበር። መዳብና ብረት በአንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ ብረቱ እንደሚበላ ከመኪና ታውቃለች። ምን ውሃ እንደሚሞሉበት ጠየቀች። የቧንቧ ውሃ መሆኑን ሲነግሯት «እሱንማ ሹፌር እንኳ አያደርገውም» አለችና ጓድ ወልደአማኑኤልን አስደነገጠችው።

አዲስ ሳጥን ልትሠራ ወሰነች፤ ቆርቆሮ ግን አልፈለገችም። ከሱቋ ጓሮ የተጣሉ የኤንትሬ ራዲያተሮች ነበሩ። የእነዚያ የጣሊያን ከባድ መኪናዎች ራዲያተር የላይኛው ውሃ መያዣው ወፍራም ናስ ነው። አራቱን ፈታች፣ በከሰል አግላ አለዘበቻቸው፣ በእንጨት መዶሻ እየደቃች ዘረጋቻቸው። ጠርዙን በጠርዝ ላይ አጥፋ፣ በአሲድ ጠርጋ፣ እርሳስ አቅልጣ አፈሰሰችበት። የውሃውን ልክ ከውጭ ለማየት እንዲያስችል ከሐኪም ቤት የተገኘ የግሉኮስ ቱቦ ጎኑ ላይ ሰካች። ዘጠኝ ቀን ፈጀባት። በርሜል ውስጥ ነክራ ስትነፋው ኃይለየሱስ ጆሮውን አስጠግቶ ቆየና «ምንም አልሰማም፤ ድፍን ነው» አለ።

ሳጥኑ ተገጠመ፣ በተጣራ የባትሪ ውሃ ተሞላ፣ ማሽኑ ተነሳ። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ፈይሳ እጇን ሊጨብጥ ሲል የሙቀት መለኪያው መርፌ መውጣት ጀመረ። በሃያኛው ደቂቃ ማሽኑ በራሱ ጊዜ ጠፋ።

ጓድ ወልደአማኑኤል ፊቱ ተለዋወጠ። «ይኼ ለበላይ ሪፖርት ይደረጋል። ማን አስገባት ይባላል» አለ። ፈይሳ አንገቱን ደፋ።

ዘርፉ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ምሳ ቀርቦላት አልበላችም። ሁሉንም ከነገረችው በኋላ ኃይለየሱስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ድምፁ እንዴት ነው?»

«ያጉረመርማል። እንደ ሆድ።»

«ነገ ውሰጂኝ።»

በማግስቱ በጋሪ ይዛው ሄደች። የበሩ ጥበቃ ጫላ «አካም ጅርቱ?» ብሎ ተቀበላቸውና ኃይለየሱስን ክንዱን ይዞ ደረጃውን አወጣው። ጓድ ወልደአማኑኤል ማየት የማይችል ሰው ለምን እንደመጣ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፤ ፈይሳ በዓይኑ ለመነው። ፓምፑ ተነሳ። ኃይለየሱስ ተንበርክኮ ጆሮውን ናሱ ላይ ለጠፈ። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየዳሰሰ ሄደ፣ ተመለሰ።

«ፓምፑ ውሃ ብቻ አይደለም የሚጠጣው። አየርም እየዋጠ ነው» አለ። «ውሃው ከላይ ይወድቃል፣ አረፋ ይሠራል፤ መውጫው ደግሞ እዚያው ሥሩ ነው። አረፋው ሳይጠፋ ይማገዋል።»

ዘርፉ ድንገት ግንባሯን በመዳፏ መታች። «የዝገቱ መስመር! ደለል አልነበረም፤ ግድግዳ ነበር። ዝገት በልቶት ነው እንጂ ውስጡ ግድግዳ ነበረው!»

የዚያኑ ዕለት ሳጥኑን ፈታ ወሰደችው። መሐሉ ላይ የናስ ግድግዳ አቆመች፤ ውሃው አረፋውን በአንደኛው ወገን ትቶ በሥር በኩል ዝግ ብሎ እንዲያልፍ ቀዳዳ ተወችለት። የመመለሻውንም ቧንቧ አስረዝማ አፉን ከውሃው በታች አደረገችው። በሦስተኛው ቀን እንደገና ሲነሳ ማጉረምረሙ አልነበረም። መርፌው ትንሽ ወጣና ቆመ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት አለፈ። ከማሽኑ ጎን ያለው ማተሚያ ወረቀት ይተፋ ጀመር። ጓድ ወልደአማኑኤል ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ነበር።

ፈይሳ ዘርፉን ሊያመሰግን ዞር ሲል የለችም። ፈልጎ ያገኛት ከሕንፃው ጀርባ፣ ማራገቢያው ፊት ነው። ነፋሱ ነጠላዋን ያውለበልበዋል። ጫላ የታጠበ ካፖርቱን እዚያው አስጥቷል። ዘርፉ የባሏን እጅ ይዛ ወደ ፊት ዘረጋችለት።

«ሞቅ አለህ?»

«ሞቀኝ።»

«ይኼ እኮ የቁጥር ሙቀት ነው፣ ኃይሌ። እውስጥ የደመሩት ነው እዚህ የሚወጣው።»

ኃይለየሱስ መዳፉን እያገላበጠ ረጅም ጊዜ ቆየ። «እንጨት ሳይነድ» አለ በመጨረሻ።

ከዚያ በኋላ ዘርፉ በየስድስት ወሩ ውሃውን ለመቀየር ትጠራ ነበር፤ በሩንም የሚከፍትላት ጓድ ወልደአማኑኤል ነው። በሄደች ቁጥር ፈይሳን አዲስ ነገር ትጠይቀዋለች፤ አንዳንዱን መልስ ለማግኘት ከአዲስ አበባ መጽሐፍ እስከ ማስመጣት አድርሳዋለች። ሌሎች ሰዎችም ስሟን ሰምተው የማሽን ዕቃ ያመጡላት ጀመር። በ1981 ሻሸመኔ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ተመሳሳይ ሳጥን አዘዛት። ሠርታ ስትጨርስ ባሏን ይዛ በአውቶቡስ ሄደች፤ ከሠርጋቸው ወዲህ አብረው ከናዝሬት ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነበር። ሳጥኑን ለመግጠም ግማሽ ቀን በቃት። እነሱ ግን ሦስት ቀን ቆይተው፣ ገበያውን ዞረው፣ የሚገዙትን ገዝተው ነው የተመለሱት።