ባለቤቴን ሐኪም ቤት ያደረሰው እንሶስላ

በ2016 ዓ.ም. ጳጉሜ ላይ ነው፤ ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው። ሳስታውሰው መጀመሪያ እስቃለሁ፣ ቀጥዬ አማትባለሁ።

ባለቤቴን ሳል ከያዘው ሰንብቶ ነበር። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ሲወጣ በየፎቁ ይቆማል። ደክሞህ ነው ወይ ስለው፣ ጎረቤት ሰላም ለማለት ነው ይለኛል፤ የጎረቤቱ በር ተዘግቶም ቢሆን። ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ ብለምነው እንቢ አለ። ጉንፋን ነው፣ ዝናቡ ሲያባራ ይተወኛል ይላል።

ፋርማሲ የምትሠራው ልጃችን በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ፣ ጣት ላይ የሚሰካ ትንሽ መሣሪያ አመጣችልን። ዘጠና አምስትና ከዚያ በላይ ደኅና ነው፣ ከዘጠና ከወረደ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ሂዱ ብላን ወደ ሥራዋ ሄደች።

ዕለቱ ሩፋኤል ነበር። ከጎረቤቶቼ ጋር ግቢ ወጥቼ በዝናቡ ስጠመቅ ቆይቼ ገና መግባቴ ነው። ለዘመን መለወጫ ብዬም እንሶስላ ሞቄ ጣቶቼ ጠቁረዋል።

ባለቤቴ ጣቱን አልሰጥም አለ፤ መጀመሪያ አንቺ ተለኪ አለኝ። እንደማያም ላሳየው ሰካሁት። ሰባ ስምንት አለ። ነቅዬ ሌላ ጣቴ ላይ አደረግኩት። ሰባ አራት።

እስከዚያ ድረስ ምንም አላመመኝም ነበር። ቁጥሩን ሳይ ግን አልጋው ላይ ተጋደምኩና የንስሐ አባቴን ጥራልኝ አልኩት። እሱ ኮቱን ገልብጦ ለብሶ ቆሟል።

«ተነሺ» አለኝ። «አንቺ ከሞትሽ እኔን ማን ይጨቀጭቀኛል?»

ክንዴን ይዞ ደረጃውን አወረደኝ። በየፎቁ ያስቆመኛል። ለእኔ አስቦ መስሎኝ ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ ሲስተሯ ጣቶቼን አይታ ሳቋን ዋጠች። እጄን በእጆቿ አሽታ አሞቀችው፤ መሣሪያውንም ጥፍሬን ትቶ በጎን እንዲይዝ አዙራ ሰካችው። ዘጠና ሰባት። ጣት ሲቀዘቅዝና ጥፍር ሲቀለም መሣሪያው ሊሳሳት እንደሚችል ነገረችን።

ባለቤቴ እፎይ ብሎ ሊነሣ ሲል ሳሉ ያዘው። ሲስተሯ ዞር ብላ ፊቱን አየችው።

«አባቴ፣ እስቲ የእርስዎንም ጣት ልየው።»

እንቢ ለማለት ጊዜ አላገኘም። እንሶስላ የለውም፣ እጁም ትኩስ ነው። ሰማንያ አራት።

«ይኼም ተሳስቷል» አለኝ።

አልተሳሳተም። የሳንባ ምች ነበር። ወዲያው ኦክስጅን በቱቦ ለአፍንጫው ተደረገለት፣ መድኃኒትም ተጀመረለት። ብትዘገዩ ኖሮ ያስቸግር ነበር አለን ሐኪሙ። ወደ ማታ የፊቱ ወዝ ተመለሰ።

ለራሱ እንቢ ያለውን ሰው ለእኔ ሲል ያመጣው አምላክ ይመስገን። ዛሬ ደረጃውን ሳይቆም ይወጣል። ጎረቤቶቻችን ሰላምታ አጓደለብን ብለው ይወቅሱታል።

ሆስፒታል በሄድን ማግስት ጠዋት የልደታን ደጅ ተሳልሜ፣ ለሲስተሯ የተወቀጠ እንሶስላ በቅጠል ጠቅልዬ ወሰድኩላት። ሥራዬ ለጣቴ አይፈቅድልኝም አለችኝ። ለእግርሽ ይሁን ብዬ ኪሷ ውስጥ ከተትኩላት።