የዕድራችን የፖስታ ሣጥን

ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር ያለው አሮጌ ፖስታ ቤት ሊፈርስ ነው ተብሎ ለዘገባ ሄድኩ። ጥበቃው በሩን ሲከፍትልኝ የሙጫና የረጠበ ወረቀት ሽታ ተቀበለኝ። በዚህ ሥራ ብዙ ቤት ሲፈርስ አይቻለሁ፤ አልደነገጥኩም፤ ደክሞኝ ብቻ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ልጅ ሳለሁ፣ ደብዳቤ ቤት ለቤት ስለማይታደል፣ የሽሮ ሜዳ ዕድራችን አንድ ሣጥን ተከራይቶ የሰፈሩ ደብዳቤ ሁሉ ወደዚያ ይመጣ ነበር። ቁልፉን የሚይዙት የዕድሩ ጸሐፊ ጋሽ ተሰማ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሸማ ሥራቸው ተነሥተው፣ የክር ብናኝ ከልብሳቸው ላይ ሳይራገፍ፣ በዚህ ደረጃ ላይ ቆመው ስም ይጠራሉ፤ እኛም ቅጠል ጭነው ከሚወርዱ አህዮች ጋር እየተጋፋን እንጠብቃለን። የመጣለት ደብዳቤውን ይስማል፤ ያልመጣለትም ባዶውን አይመለስም፤ ደብዳቤ እዚያው ጮክ ተብሎ የሚነበብ የጋራ ነገር ነበርና።

በጦርነቱ ዘመን አንድ ቅዳሜ ስም የሌለው ፖስታ መጣ። ከሣጥኑ ቁጥር ሌላ የተጻፈበት «ይድረስ ለውድ እናቴ» የሚል ብቻ ነው። ጋሽ ተሰማ አገላብጠው አዩትና፣ «ይሄ ልጅ እናት ያለችው ለሱ ብቻ መስሎታል!» ሲሉ ሰዉ ሳቀ። ከሰፈሩ ልጃቸው ግንባር ያለ ሁለት እናቶች ነበሩ፤ የእኔ እናትና ጎረቤታችን እማማ በለጡ። የእማማ በለጡ ልጅ ከጻፈ ሁለት ክረምት አልፏል።

«የኔው ነው! ዝርክርክ ማን አለ ከሱ በቀር?» አሉ እማማ በለጡ።

እኔ ግን ወደ ግራ የሚጋደመውን የታላቅ ወንድሜን ጽሕፈት ዐውቄዋለሁ። አፌን ስከፍት እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ እሷም ዐውቃዋለች።

«ዝም በይ፤ ያንብቡት» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ...» የያኔ ሰላምታ ረጅም ነው፤ ገጽ ሙሉ ይሄዳል፤ ማንም ልጅ ለየትኛዋም እናት ሊጽፈው ይችላል። እማማ በለጡ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ በየመስመሩ «እሰይ የኔ ልጅ!» ይላሉ። ጋሽ ተሰማ ወደ ሁለተኛው ገጽ ሊያልፉ ሲሉ ግን እማማ በለጡ እጃቸውን ያዟቸው።

«ይብቃኝ። ደህና ነኝ ብሏል፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?»

ጋሽ ተሰማ ወደ እናቴ ዞሩ።

«ይስጧቸው» አለች እናቴ። «የእሳቸው ነው።»

እማማ በለጡ ደብዳቤውን ብብታቸው ውስጥ ከትተው፣ ላገኙት ሁሉ እያበሠሩ ቁልቁል ወረዱ። ማታ አኮርፌ ስቀመጥ እናቴ፣ «ደህና መሆኑን እኔም ሰማሁ አይደል? የቀረውን ሌላ ጊዜ ይጽፈዋል» አለችኝ።

ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። ጦርነቱ ሲያበቃ ከሁለቱ ልጆች አንዳቸውም አልተመለሱም። ሰው መጠየቅ እንጀራዬ ሆኖ እንኳ፣ ተቆጭታ እንደሆነ እናቴን ሳልጠይቃት ሞተች። የማውቀው ያየሁትን ብቻ ነው፤ እማማ በለጡ እስኪያርፉ ድረስ፣ ቤታችን በመጡ ቁጥር ልጃቸው የጻፈላቸውን ሰላምታ በቃላቸው ይሉታል፤ እናቴም ሥራዋን ትታ አጠገባቸው ቁጭ ትልና እንደ አዲስ ትሰማዋለች።