ንብ የገባበት ሸክላ ማጫወቻ

አሮጌ ሸክላ ማጫወቻ እንደምሰበስብ ከታወቀ ወዲህ፣ መቱ ውስጥ ያረጀ ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይመራል። የተሰበረ ሬዲዮና የከሰል ካውያ ይዘውልኝ መጥተዋል፤ አንዴማ የስፌት መኪና ተሸክመው የመጡም አሉ። ከፎቶ ኮፒ ቤቴ ጀርባ ያለችው ክፍል መርገጫ የላትም። ጎረቤቶቼ “ባል አግቢ ቢሏት ሣጥን ትሰበስባለች” እያሉ እንደሚያሙኝ አውቃለሁ። ሣጥን ቢያንስ ሲበላሽ ይጠገናል።

እኔ የምወደው ውስጡ የብርጭቆ አምፖሎች ያሉትን፣ የጥንቱን ነው። እሱ እንደ ዛሬው ዕቃ ገና ሲነኩት አይጮህም፤ አምፖሎቹ እስኪግሉ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ጠላቱ የእኛ አገር ዝናብ ነው። እርጥበቱ እንጨቱን ያሳብጠዋል፣ ብረቱን ያዝገዋል፤ ስለዚህ ፀሐይ በወጣ ቁጥር የውስጥ ዕቃውን እንደ በርበሬ ደጅ አሰጣዋለሁ።

የዚህ ሁሉ መነሻ የአባቴ ማጫወቻ ነው። እናቴን ባገባ ዓመት፣ ሠርጋቸው ላይ ከተዘፈነው ዘፈን ሸክላ ጋር የገዛው ነው። ልጅ ሳለሁ ትልቁ አምፖል ተቃጠለና ዝም አለ፤ ከዚያ በኋላ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ሆኖ ኖረ። አዲስ አበባ ድረስ አስፈልጌ የላኩልኝ አምፖል እግሩ አልገጥም አለ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ደግሞ የአባቴ ጆሮ መድከም ጀመረ። ማዳመጫ መሣሪያ ቢገዛለት “ያፏጭብኛል” ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ሐኪሙ የቀረውም መስማት እየሄደ መሆኑን ሲነግረኝ ፈራሁ። ያቺን የሠርጋቸውን ሸክላ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሰማት ጆሮው እንዳይዘጋ ፈራሁ። አምፖል ፍለጋው ሩጫ ሆነብኝ። አባቴ ግን “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” እያለ ይስቅብኝ ነበር።

አንድ ቀን ከኖፓ ወረዳ ፎቶ ኮፒ ሊያደርግ የመጣ መምህር ስልኬ ላይ ያለውን የአባቴን ማጫወቻ ፎቶ አይቶ፣ ቁርጥ ይህንኑ የመሰለ ማጫወቻ አክስቱ ቤት እንዳለ ነገረኝ። በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ።

አክስቱ ባላቸው የሞቱባቸው ትልቅ ሴት ናቸው። ወደ ጓዳ አስገቡኝ። ማጫወቻው በአንሶላ ተሸፍኗል፤ ከውስጡ ዝቅ ያለ፣ እምም የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ካፓሲተር የሚባለው የውስጥ ዕቃ ሲያረጅ እንዲህ ያደርጋል። ገና ሳልቀመጥ “ካፓሲተሩ ነው እትዬ፣ አያስቸግርም” ብዬ ምርመራዬን ሰጠሁ። እሳቸው አፋቸውን በነጠላቸው ከልለው ሳቁ። አንሶላውን ገለጥ ሲያደርጉት ከጀርባው ቀዳዳ አንዲት ንብ ወጣች፤ ሌሎችም ተከተሏት። የኤሌክትሪክ ገመዱ ተጠቅልሎ ግድግዳ ላይ መሰቀሉን ያየሁት ያኔ ነው።

ንብ ቤት ሲገባ ገድ ነው፤ አይባረርም። ይህን በእኛ አገር የማያውቅ የለም፤ እኔም አውቃለሁ። ያም ሆኖ ደሜ ፈላ። ያዮ ከተማ የማውቀው ንብ አናቢ በጭስ አባብሎ ወደ ቀፎ ሊያዛውራቸው እንደሚችል አስረዳሁ። የአባቴንም ጆሮ ነገር አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው።

“ኢንተላ ኮ” አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። “የባሌ ተዝካር ባለፈ በሳምንቱ ነው የመጡት። እኔ አልጠራኋቸውም፤ እኔም አላባርራቸውም። በራሳቸው ሲሄዱ እልክብሻለሁ።”

እስከ መቱ ስነጫነጭ ተመለስኩ። ለአባቴ ጆሮው ሥር ጮኼ ነገሩን አጫወትኩት። እኔ ያዝንልኛል ብዬ ስጠብቅ እሱ በንቦቹ ደስ አለው።

“ለእኔ ዘፈን ተብሎ ንብ ይነሳል? ዘፈኑን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ተያቸው” አለኝ።

ቡናው አበበ፤ ከዚያ ገተማ የሚባለው የጫካ ዛፍ አበበ፤ ክረምቱም ገባ። ኖፓ በሄድኩ ቁጥር ጆሮዬን ሣጥኑ ላይ እለጥፋለሁ፤ ንቦቹ አሉ። ቤት ስመለስ ደግሞ ለአባቴ ከበፊቱ አብልጬ መጮህ ነበረብኝ። በኋላማ ጩኸቱም አልሠራ ብሎ በእጅ ምልክት መግባባት ጀመርን። ንቦቹን የረገምኩበት ቀን አለ፤ ወዲያው ግን አማተብኩ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል እትዬ ላኩብኝ። ንቦቹ ሄደው ነበር። ሣጥኑን ስከፍተው አምፖሎቹ በማር እንጀራ መሀል ተቀብረዋል። ሙቅ ውኃ የነካ ጨርቅ እያስጠጋሁ፣ ሰሙን እያላላሁ፣ ትልቁን አምፖል በደህና አወጣሁት።

“አምፖሉን ውሰጂ” አሉኝ እትዬ፤ “ሣጥኑን ግን ተይልኝ። ይመለሱ ይሆናል።” አንሶላውን መልሰው አለበሱት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቴን ከማጫወቻው ፊት አስቀመጥኩት። አምፖሉን ሰክቼ ከፈትኩ። ከእግሩ ያልጠራ ሰም ቀርቶ ኖሮ ሲግል ቤቱን የማር ሽታ ሞላው። የሠርጋቸውን ሸክላ አስቀምጬ መርፌውን አሳረፍኩ። ዘፈኑ ጥርት ብሎ ወጣ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ብከፍተው የመስኮቱ መስተዋት ተንቀጠቀጠ።

አባቴ ፊት ፊቴን እያየ “ጀመረ እንዴ?” አለኝ።

ራሴን በመነቅነቅ አዎ አልኩት። ያን ሁሉ ሮጬ አልደረስኩም።

እሱ የሚዞረውን ሸክላ ጥቂት ተመለከተና መዝፈን ጀመረ። አባቴ ሲዘፍን ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ግጥሙን አንድም አልሳተም፤ ብቻ ከሸክላው አንድ ስንኝ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ሁለቱ እየተጋጩ አላሰማ አሉኝ። ተነሳሁና የማጫወቻውን ድምፅ ጨርሼ ዘጋሁት። ሸክላው ግን እንዲዞርለት ተውኩት።