ቡቺ ያልገባበት ቤት

ዛሬ ሴት ልጄ ቤት ድረስ አንድ የእንስሳት ሐኪም መጥቶ ያረጀ ውሻዋን በመርፌ ገላገለላት። ውሻው ሶፋ ላይ፣ ጭኗን ተንተርሶ ነው የሞተው።

እኔ ግን የታየኝ ቡቺ ነው፣ የልጅነቴ ውሻ።

በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ እዚሁ ጎፋ ሰፈር፣ ቡቺ መነሳት ሲያቅተው አባባ ሐኪም አመጡለት። ሐኪሙም "ውጭው ይበርዳል፣ ቤት አስገቡትና እዚያ ልውጋው" አለ።

እማዬ ውሻ ቤት አታስገባም። ድመቷማ አልጋ ላይ ነበር የምታድረው። ያን ቀን ግን "በል አስገባው" አለችኝ።

ደግፌ እስከ በሩ አመጣሁት። ደፉ ላይ ሲደርስ አልገባም አለ። ብጎትተውም እምቢ አለ። ዕድሜ ልኩን "ውጣ" ያልነው ውሻ ነው።

እዚያው ደጅ፣ ካፊያ እየወረደበት ተወጋ። እማዬም "ጨዋ ነበር" አለች።

እናንተስ ቤት፣ ያ ሁሉ ዓመት የጠበቃችሁ ውሻ አንድ ቀን ገብቶ ያውቃል?